ነብር የገባበት ዋይፋይ

ከስልኳ አናት ላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ የተዘረጋች ማራገቢያ የምትመስል ትንሽ ምልክት ትቀመጥ ነበር። እናት ምልክቷ መጥፋቷን ያየችው ነገር ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የሰው መጋረጃ ገልብጣ ከሰፋች፣ ጎረቤቷን በተረት ከወጋች፣ ደክሞት የገባ ባሏን ጫማውን ሳያወልቅ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ከመለሰች በኋላ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ባንድ ሙከራ የምታሾልክ ሴት፣ ያቺ ምልክት ከአፍንጫዋ ስር ስትጠፋ አላየችም። ዓይኗ ሌባ ፍለጋ ሩቅ ሄዶ ነበር።

እናት ክፉ ነገርን ገና መንገድ ላይ ሳለ ወጥታ የምትቀበል ሰው ናት። ስልክ ሲጮህ «ማን ሞተ?» ብላ ነው የምታነሳው። አምቡላንስ ሲያልፍ ቤተሰቧን በየተራ ታሳፍርበታለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከባዮሎጂው መጽሐፍ ጭንቅላቷ ውስጥ የቀረው የበሽታዎቹ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ እሱም በደንብ ቀርቷል። ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነው። በሁለት ፎቅ መሀል ተቀርቅረው ለሚጮሁ ሰዎች «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ተረጋጉ» ሲል ስለሚውል፣ ቤት ገብቶም የሚላት ያንኑ ነው። እሷም እንደ እነሱ አትረጋጋም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ በአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ሥራ የጀመረች ሰሞን፣ እናት መድረሷን ለማረጋገጥ እንግዳ መቀበያው ጋ ደወለች። ምሳ መብላቷን ለማረጋገጥ ደግማ ደወለች። ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ ሦስተኛ ደወለች፤ በዚህን ጊዜ የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሱ ለምርመራ ደም ሊሰጡ በተሰለፉ ሰዎች መሀል ብቅ ብሎ «እናትሽ ጃኬት ለብሰሽ እንደሆነ ይጠይቃሉ» አላት። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያት። አልለበሰችም ነበር።

ያን ዕለት እራት ላይ ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እማ፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ክፍል አግኝታለች። ከመሥሪያ ቤታችን ማዶ ነው። ለሁለት እንሁን እያለችኝ ነው።»

«ለሁለት ሆናችሁ ምን ልታደርጉ?»

«ልንኖር ነዋ።»

እናት ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ወደ ሳህኑ ዞረ።

«እንዲህ እናድርግ» አለች ልጅቷ። «እስከ ወሩ መጨረሻ አትደውዪ። ለእኔም፣ ለመሥሪያ ቤቱም። ስወጣም፣ ስሳፈርም፣ ከቆየሁም እኔው እጽፍልሻለሁ። ይህን ከቻልሽ ክፍሉን እተወዋለሁ። ካልቻልሽ ግን እገባለሁ። የምሬን ነው፣ እማ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ብደውልስ?»

«እማ።»

«ለጥያቄ ያህል ነው።»

እናት ቻለች። እንዴት እንደቻለች ግድግዳው ያውቃል። ስልኳን በሽርጧ ኪስ ይዛ ትሰፋለች፤ ወደ ማታ ላይ ወፍ ጭውው ትላለች፣ «ወጣሁ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ወፊቱ ትደግማለች፣ «ተሳፈርኩ» ይላል። ያኔ ትከሻዋ ከጆሮዋ ወርዶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስልኩ ባሏ ከሞባይል ጠጋኝ ሱቅ የገዛላት ያገለገለ ስልክ ነው። የፊተኛው ባለቤት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንጃ፣ መጀመሪያ ሲጠራ የአውሬ ግሳት አሰምቶ እናትን ከወንበሯ አስነስቷታል። ልጅቷ ናት ድምፁን በወፍ የለወጠችላት። የልጅቷ መልእክት የሚገባው በኢንተርኔት ነው፤ ስልኩ ግን የካርድ ኢንተርኔት የለውም። ከቤት ለማትወጣ ሰው የቤቱ ዋይፋይ ምን አነሳት፣ ተብሎ ነው። የባሏ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ናት፤ ከመደወልና ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ የላትም።

እንግዲህ የወሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። በዚያ ማታ ልጅቷ ለጓደኛዋ ቁርጡን ትነግራታለች። እናት ከጠዋት ጀምራ በልቧ «አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ» እያለች መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አበባ የታተመበት የመጋረጃ ጨርቅ ዘርግታ ሳለ፣ የመጋረጃው ባለቤት ልኬት ልታስተካክል መጣች። ይቺ ደንበኛ ወሬ ስታወራ እጇን አትሰበስብም፤ ጨርቅ አታስለካም።

«ሰማሽ አይደል? የእህቴን ጎረቤት ሙልጭ አደረጓት። በምን ገቡ መሰለሽ? በዋይፋይ። ዛሬ ሌባ በመስኮት የሚገባ መስሎሻል? በአየር ነው የሚገባው።»

እናት አፏ ውስጥ ስፒል ነክሳ ስለነበር መመለስ አልቻለችም። ለትንሽ ስፒሎቹን ሳትውጣቸው ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ መስኮት ስትዘጋ ኖራለች፤ አየሩን መዝጋት እንዳለባት የነገራት ሰው አልነበረም።

ደንበኛዋ እንደወጣች የልጅቷን ላፕቶፕ ከፈተች። ራውተሩን የገጠመው ባለሙያ ለልጅቷ ሲያሳያት እናት በትከሻዋ በኩል አጮልቃ አይታለች፤ ሰው በሩን ሲዘጋ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ማየት አመሏ ነው። ራውተሩን ገልብጣ ከስሩ የተለጠፈውን አድራሻ እየጠነቆለች አስገባች፤ ገጹ ተከፈተ። አሁን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተገናኙት እነማን እንደሆኑ ተደርድረዋል። ቴሌቪዥኑ አለ። ላፕቶፑ አለ። ከሁለቱ ስር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሌላ ስም አለ። ፊደሉን አንድ በአንድ አነበበች።

ነብር።

ባሏ ሥራ ላይ ነው፣ ልጇ ሥራ ላይ ናት፣ ቤቱ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ታዲያ ነብር ማነው? ራውተሩ መደርደሪያው ላይ ሆኖ አረንጓዴ ዓይኑን ይጠቅሳል። ቅድም የቤት ዕቃ የነበረው አሁን ያፈጠጠ ተባባሪ መሰላት። ድንገት ከላይኛው ፎቅ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ፤ አገኘችው። ከላያቸው የሚኖረው ወንደላጤ የስፖርት ቤት አሠልጣኝ ነው። ደረቱ ከእሱ ቀድሞ ደረጃ ስለሚወርድ እናት በልቧ «ባለ ደረቱ» ብላ ሰይማዋለች። የሚያዘወትረው እጅጌ አልባ ቲሸርት ላይ አፉን የከፈተ አውሬ አለ። አንበሳ ይሁን ነብር ልብ ብላ አይታ አታውቅም፤ አሁን ግን ነጠብጣቡ ሁሉ ታየኝ አለች።

የድሮው ፓስወርድ የልጅቷ የትውልድ ቀን ነበር። አጠፋችው። በቦታው ነብሩ አንብቦ የሚያፍርበትን ነገር ፈለገች፤ ነብሩ ፓስወርዱን ማንበብ ከቻለ መቀየሩ ምን እንደሚጠቅም ግን አላሰበችም። «ከቤቴ ውጣ» ብላ ጻፈች። ገጹ ቁጥር ጨምሪበት አላት፤ የቤቱን ቁጥር ጨመረችበት። ተጫነችው።

መብራቱ ቀላ፣ ጠፋ፣ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ላፕቶፑ ፓስወርድ ጠየቃት፣ ነገረችው። ቴሌቪዥኑም ጠየቃት፣ በሪሞት አንዷን ፊደል ለማግኘት ከዳር ዳር እየሄደች ነገረችው። ሁለቱም ዕቃ ናቸው፣ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ስልኳን ግን ከዕቃ ቆጥራት አታውቅም፤ ከጆሮዋ ጋር ነው የምትቆጥራት። ደግሞስ ባለቤት በገዛ ቤቷ በር ታንኳኳለች?

ገጹን መልሳ ብታየው ቴሌቪዥኑና ላፕቶፑ ብቻ ቀርተዋል። ነብሩ የለም። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይላሉ፤ እናት ይዛ አሽከርክራ ወርውራዋለች። እስከ ዛሬ በፍርሃቷ ሲስቁባት የኖሩትን ሁሉ እያሰበች ሽርጧን አራገፈች። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ዝም እንዳለ ነው።

ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ ከባለ ደረቱ ጋር ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

«ደህና። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይላሉ።» ዓይኑን እያየች ነው ያለችው።

ባለ ደረቱ ትንሽ አሰበ። «እኔ እንኳን ዳቦ ትቻለሁ፣ እትዬ። እንቁላል ብቻ ነው የምበላው።»

«የሰው ነገር ሆድ ይነፋል።»

«ልክ ነዎት፤ ወተትም ያንኑ ነው የሚያደርገው» ብሎ ቆሻሻዋን ከእጇ ተቀብሎ ወረደ። እንዲህ ያለ ደረቅ ሌባ አይታ አታውቅም።

የ«ወጣሁ» ሰዓት ደረሰ። ወፊቱ ዝም። እናት የስፌት መኪናዋን መርገጫ እየረገጠች አንድ ጠርዝ ጨረሰች። ወፊቱ ዝም። ስልኳን አውጥታ አየች፤ የትናንቱ «ተሳፈርኩ» እንደተቀመጠ ነው። ምናልባት ድምፁ ጠፍቶ ይሆናል ብላ ከፍ አደረገችው። ከፍ ያለ ዝምታ ሆነ።

ባሏ ሲገባ የመሣሪያ ቦርሳውን ገና ከትከሻው አላወረደም።

«አልጻፈችም» አለችው።

«ትጽፋለቻ።»

«ባትችልስ?»

«ምን ይከለክላታል?»

«እጇ ተሰብሮስ ቢሆን?»

«በሌላው ትጽፋለች።»

«ቀልድ። ዛሬ ቤታችን ነብር ገብቶ ነው የዋለው፣ ቀልድ አንተ።» ብላ ነገረችው። እሱም ጫማውን ሊፈታ እንዳጎነበሰ ሰማት።

«እና ነብሩን አባረርሽው?»

«አባረርኩት።»

«ጎሽ። በይ ውሃ ስጪኝ።»

«ጫማህን አትፍታ። ፌርማታው ጋ ሂድና እያት።»

«ቃል ገብተሻል እኮ።»

«አልደውልም ነው ያልኩት። ባል አልልክም አላልኩም። ብቻ እንዳታይህ፣ ተደብቀህ ጠብቃት።»

ባሏ የተፈታውን አንድ ክር መልሶ አሰረ። ተቀርቅረው ለሚጮሁ ሰዎች መድረስ ሥራው ነው፤ ወጣ።

አሁን እናት ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻዋን ቀረች። ውጪ ጨልሟል። መጀመሪያ ልጇን አውቶቡስ ገጫት። ቀጥሎ ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ብልቃጥ ተሰበረና ያልታወቀ በሽታ ያዛት። ከዚያ ደግሞ ነብሩ ከዋይፋይ ሲባረር ተናዶ መንገድ ላይ ጠበቃት። ይሄ ሦስተኛው በጣም ሊሆን የሚችል መሰላት፤ እሷው በገዛ እጇ ነካክታዋለች።

ስልኳን አነሳች። የልጇን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ከአንዲቷ የመጨረሻ ቁጥር በቀር ሁሉንም ነካች። ጣቷ አየር ላይ ቆመ። ልጄ አንድ ነገር ሆና ከሆነ ይሄ ቃል ምን ያደርግልኛል፣ አለች። ደህና ከሆነች ግን ያለኝ ይሄው ቃል ብቻ ነው። ሁለቱ ሐሳቦች አንዱ ሌላውን እየጎተተ ደረቷ ውስጥ ተናነቁ። ደውላ ብታነሳላት የምትሰማው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ «በቃ እማ፣ እገባለሁ» ነው። ደህና ሆና «እገባለሁ» ብትላት ይሻላል፣ ወይስ... አላሟላችውም። ቁጥሮቹን ከኋላ ወደፊት አጠፋቻቸው። ስልኳን የክር መሳቢያው ውስጥ፣ ከጥቁር ክሮቹ ስር ቀብራ መሳቢያውን በጉልበቷ ዘጋችና መርገጫውን ረገጠች። ረገጠች፣ ረገጠች። እጥፋቱን ስትጨርስ ከፍ አድርጋ ብትዘረጋው አበቦቹ በሙሉ ራሳቸውን ወደ መሬት ደፍተዋል። ጨርቁን ገልብጣ ሰፍታዋለች። ሳታለቅስ አየቻቸው፤ እነሱም ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ሳቅ ነው፤ ከኋላው ልጅቷ፣ ከእሷ ኋላ ባሏ።

እናት ቆመች። እጆቿን፣ እግሮቿን፣ ጃኬቷን አየች። ሁሉም አለ።

«እማዬ» ብላ ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ዛሬስ ኮራሁብሽ። ድንገት ስልጠና አለ ብለው አቆዩን። ጻፍኩልሽ፣ ዝም። እቆያለሁ አልኩሽ፣ ዝም። ከማን ጋር የለ፣ ማን ይሸኝሻል የለ። ለጓደኛዬ እናቴ አደገችልኝ እኮ አልኳት። ቆይ፣ አሁኑኑ ልደውልላትና ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪ ልበላት።»

እናት «ጻፍኩልሽ» የሚለው አልገባትም። ግን ዝም ማለት ብቻ እንደሚበቃት ገባት። ልጇ ደህና ገብታለች፣ ክፍሉ ሊቀር ነው፣ ከእሷ የሚፈለገው እንዳደገ ሰው ፈገግ ማለት ነው። ፈገግ አለች። ባሏ አንድ ጊዜ እህ ብሎ ሳለ።

«የስልጠናውን ፎቶ አየሽው ግን? ደረቴ ላይ ባጅ አድርገውልኝ።»

«አየሁት» አለች እናት።

«የትኛውን?»

ባሏ ሁለተኛ ሳለ። እናት መሳቢያውን ስባ ስልኳን ከጥቁር ክሮቹ ስር አወጣች። ያኔ ነው ከሰዓቱ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ያየችው።

«ይቺ እንደ ማራገቢያ ያለች ነገር ነበረች እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ልጅቷ ተቀብላት አየች። «ዋይፋይ የለሽም። ፓስወርዱን ማን ቀየረው?»

ከዚህ ወዲያ መደበቅ የማይሆን ነው። እናት ከደንበኛዋ እስከ ባለ ደረቱ ያለውን አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው፤ ስትዋሽ አልሠመረላትም እንጂ ስትናዘዝ ጎበዝ ናት።

«እሺ፣ አዲሱ ምንድን ነው?»

«ከቤቴ ውጣ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺን አይደለም። ፓስወርዱ ነው። ከኋላው የቤቱን ቁጥር ጨምሪበት።»

ልጅቷ ጻፈች። ማራገቢያዋ ብልጭ ብላ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ክፍሉ ውስጥ ወፎች ተለቀቁ። ጭውው፣ ጭውው፣ ጭውው። «ስልጠና አለ።» «እቆያለሁ።» ፎቶ። «አሁን ወጣሁ።» «ተሳፈርኩ።» «አባዬ ምሰሶ ጀርባ ምን ያደርጋል?» ሁሉም ባንድ ላይ እየተጋፉ ገቡ።

ልጅቷ ስልኩን ልትመልስላት ስትል ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ቆመ። አንዴ ነካ አደረገችው፣ ደግማ ነካች። ከንፈሯን ነከሰች።

«እማ፣ የስልክሽ ስም ማነው?»

«ስልክ ደግሞ ስም አለው?»

«የፊተኛው ሰውዬ አውጥቶለታል። እኛ አልቀየርነውም።» አዙራ አሳየቻት። «ነብር ይላል።»

ሊፍት ጠጋኙ ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ይዞ ቁጭ አለ።

«ራሷ ነካሽ፣ ራሷ ከሳሽ» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ። «እንደዚያ እንደ ሞኙ ነው ያደረግሽው፤ ጓደኞቹን ቆጥሮ ቆጥሮ፣ ራሱን ሳይቆጥር አንድ ሰው ጎደለብን ብሎ እዬዬ እንዳለው።»

«እሱ እንኳን አለቀሰ እንጂ ራሱን ከቤት አላስወጣም» አለች እናት። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። «ያ ምስኪንም ዳቦ አልበላም ሲለኝ...»

«ነገ እንቁላል ትሰጪዋለሽ።»

ልጅቷ ግን መሳቋን አቁማለች። የተገለበጠውን መጋረጃ ከጠረጴዛው አንስታ አበቦቹን አየች። ከዚያ መሳቢያውን፣ የተተራመሱትን ጥቁር ክሮች።

«መልእክቶቹ አልደረሱሽማ» አለች።

«አልደረሱኝም።»

«የት እንዳለሁ አታውቂም ነበር።»

«ሦስት ዓይነት ሞት ሞተሽብኛል። አንደኛው በነብር ነው።»

«እና አልደወልሽም።»

«አንዲት ቁጥር ቀርታኝ ነበር» አለች እናት። ይህንንም መደበቅ አልቻለችም። «ከዚያ ቀበርኩት። አባትሽን ግን ልኬዋለሁ፤ እሱን አልክድም።»

«እሱንማ አየሁት። ምሰሶው ቀጭን ነው።»

«እንዳታይህ ተብዬ ነው» አለ ባሏ።

ልጅቷ የራሷን ስልክ ይዛ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ በሩን መለስ አደረገችው። ለጓደኛዋ ልትደውል ነው። እናት ስፌት መፍቻዋን አንስታ የመጋረጃውን እጥፋት መፍታት ጀመረች። ላለመስማት ስትል ክሩን እየበጠሰች ትቆጥራለች፣ ለመስማት ስትል ደግሞ ቆጠራውን ታቆማለች። ከበሩ ወዲያ ድምፅ አለ፣ ቃል የለም። ባሏ እንዳፈጠጠች አይቷት «ተረጋጊ» ሊል ነበር፤ ተወው። በምትኩ ጫማውን ፈታ።

ልጅቷ ወጣች። ስለ ክፍሉ ምንም አላለችም። መጥታ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና የመጋረጃውን ሌላ ጫፍ ይዛ ወጠረችላት፤ እንዲህ ሲወጠር ክሩ ቶሎ ይለቃል፣ ከትንሽነቷ ጀምራ ታውቃለች።

«ይሄን ፓስወርድ ግን» አለች፣ «ነገ ማታ ስመለስ እንቀይረዋለን። በየቀኑ ‹ከቤቴ ውጣ› እየተባልኩ አልገባም።»

እናት ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ስመለስ» የምትለዋን ብቻ ቆርጣ ያዘች። ሌላውን ለባሏ ተወችለት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስለነበር አንድ ጤነኛ ስፌት አብራ ፈታች።

በር መዝጋት በዚህ ቤት የእናት ሥራ ነው። ቁልፉን ታዞራለች፣ መቀርቀሪያውን ትወረውራለች፣ እጀታውን ስባ ትፈትናለች። ካልጋዋ ተነስታ ደግሞ መፈተኗን ትፈትናለች። ዛሬ ልትነሳ ስትል ልጅቷ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ቁጭ በይ፣ እማ። እኔ እዘጋዋለሁ።»

እናት የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ቁጭ አለች። ቁልፉ ሲዞር ሰማች። ከዚያ ምንም አልሰማችም።

«መቀርቀሪያውስ?»

«እማ።»

«ለጥያቄ ያህል ነው።»

ልጅቷ ስትስቅ፣ መቀርቀሪያውም ቦታው ሲገባ፣ ሁለቱንም ከተቀመጠችበት ሰማቻቸው።